«የትኛው ሻዕባን?» ስም የሌለው ቀን ያስከተለው ጣጣና የካላንደሮቻችን ታሪክ



የዛሬው ጽሑፍ የታሪክ ጽሑፍ ነው። የሚጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

በመስጂዳችን ቢሮ ውስጥ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ። የደርስ ፕሮግራም፣ የኒካሕ ቀጠሮ፣ የሱቅ ኪራይ መቀበያ ቀን ሁሉ የሚመዘገበው እዚያ ካላንደር ላይ ነው። የኢማማችን ረዳት እንደመሆኔ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በ1443 ዓ.ሂ. አንድ ነጋዴ ሐጂ ወደ ቢሮ መጡ። የዘካቸው ዓመት የሚሞላው ረመዷን 1 ነው። የሰባት ችግረኛ ቤተሰቦችን ስም ሰጡኝና «ገንዘቡን በየዓመቱ አስቀድሜ እልካለሁ፤ እናንተ ረመዷን 1 ቀን አድርሱልኝ» አሉኝ።

እኔም ካላንደሩን ከፈትኩ። ያን ዓመት ረመዷን የገባው መጋቢት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጅ ኤፕሪል 2 መሆኑ ነው። ቀኑ ላይ «ዘካ ማድረስ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ነክቼ ዘጋሁት። አደራውን የተወጣሁ መሰለኝ።

በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ቢሮ ስለነበርኩ ረመዷን ሲገባ በራሴ አስታውሼ አደረስኩ። ማስታወሻው ዘግይቶ ሲጮህ «ይሄማ አልቋል» ብዬ አጠፋሁት፤ ለምን እንደዘገየ አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1446 ዓ.ሂ.፣ ረመዷን የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ገባ። እኔ ቤተሰብ ታሞብኝ አገር ቤት ነበርኩ። በቦታዬ የተቀመጠው ወንድም ኮምፒውተሩን ጠበቀ። ኮምፒውተሩም እንደታዘዘው መጋቢት 24 ቀን ጮኸ። ዒድ ተሰግዶ አልፏል። ሰባቱ ቤተሰቦች ረመዷንን በሙሉ ጠብቀው ነበር፤ ዒዱንም ያለዚያ ገንዘብ አሳለፉ።

ሐጂ ሲሰሙ አልተቆጡም። «ልጄ፣ የማንን ረመዷን ነው የጠበቃችሁት?» ብቻ አሉኝ።

ተመልሼ ካላንደሩን ስከፍተው ከጎን ያሉት ስሞች «ቤት»፣ «ካላንደር»፣ «አዲስ ካላንደር 2» ይላሉ። የዘካው ማስታወሻ «ቤት» በሚለው ውስጥ ነበር። የማን ቤት? በየትኛው አቆጣጠር? በኔ ቦታ የተቀመጠው ልጅ ይህን የሚያውቅበት ምንም መንገድ አልነበረውም። የሐጂን ጥያቄ ሳሰላስል መድረሳ እያለሁ የተማርኩት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። እነሆ ለእናንተም።

🔹 የዑመር (ረ.ዐ.) ጥያቄ

ዐረቦች ከእስልምና በፊትም አሥራ ሁለቱን የጨረቃ ወሮች ያውቁ ነበር። ያልነበራቸው የዓመት ቁጥር ነው። ዓመትን የሚጠሩት በሆነው ነገር ነበር፤ «የዝሆኑ ዓመት» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሂጅራ በኋላም በመዲና ዓመታት በስም ይጠሩ እንደነበር ተዘግቧል፤ 10ኛው ዓመት ለምሳሌ «የስንብት ዓመት» ተብሏል። ሁሉም ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ሲኖርና አንድ ትዝታ ሲኖረው ይህ ይበቃል።

በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ግን አገሩ ሰፋ። ሻምና ዒራቅ ገቡ። ደብዳቤው፣ ደመወዙና የዕዳ ሰነዱ በዛ። የበስራ አስተዳዳሪ የነበረው አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ከኸሊፋው የሚደርሱት ደብዳቤዎች ቀን ስለሌላቸው የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደተጻፈ መለየት እንዳስቸገረው ጻፈ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሻዕባን ላይ የሚከፈል የዕዳ ሰነድ ለዑመር ቀረበላቸው። እርሳቸውም የትኛው ሻዕባን እንደሆነ ጠየቁ፦ ያለፈው ነው፣ ያለንበት ነው ወይስ የሚመጣው? ወሩ ተጽፏል፤ ግን የየትኛው ዓመት እንደሆነ ስላልተጠቀሰ ባለዕዳውም አበዳሪውም እንደፈለጉ ሊተረጉሙት ይችላሉ።

ዑመር (ረ.ዐ.) ሰሓባዎችን ሰብስበው አማከሩ። አንዳንዱ የፋርሶችን፣ አንዳንዱ የሮማውያንን አቆጣጠር እንውሰድ አለ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውልደት፣ ከተላኩበት ወይም ከሞቱበት ዓመት እንጀምር ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ የተመረጠው ሂጅራ ነው፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ዐሊይ (ረ.ዐ.) እንደሆኑ በብዙ ዘገባዎች ይገኛል። ይህ የሆነው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ዓመት ሲሆን ብዙዎች 17ኛውን ይጠቅሳሉ፤ በፈረንጅ 638 አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና የገቡት በረቢዐል አወል ነው፤ ዓመቱ ግን ሰዎች ከሐጅ ከሚመለሱበት ከሙሐረም እንዲጀምር ተደረገ። ስለዚህ የቆጠራው መነሻ ሙሐረም 1 (ጁላይ 16 ቀን 622 እ.ኤ.አ.) ከጉዞው ራሱ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ «ሂጅራ» የሚለውም ቃል መለየት ይፈልጋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ነጃሺ የተደረገ ሂጅራ አለ። የሚቆጠረው ግን ከመዲናው ነው። ስሙ ብቻውን አልበቃም፤ የትኛው እንደሆነ ተነገረ፣ ታወቀ፣ ጸና።

🔹 ጨረቃና መከር

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። ዐረቦች ቀድሞ ወሮችን የሚያዘዋውሩበት «ነሲእ» የሚባል ልማድ ነበራቸው፤ በሱረቱ ተውባ ተከልክሏል። ስለዚህ ረመዷን አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት ይመጣል። በየዓመቱ ከፀሐይ ዓመት ወደ 11 ቀን ይቀድማል። 32 የፀሐይ ዓመት ሲሞላ 33 የሂጅራ ዓመት ያልፋል። በሱረቱል ከህፍ ስለ ዋሻው ሰዎች ሦስት መቶ ዓመትና ዘጠኝ ጭማሪ መጠቀሱን ብዙ ሙፈሲሮች ያስረዱት በዚሁ ነው፤ 300 የፀሐይ ዓመት 309 የጨረቃ ዓመት ይሆናል።

ለዒባዳ የጨረቃ ወር ተሰጠን። ስንዴ ግን ጨረቃ አይቶ አይበስልም። የመሬት ግብር (ኸራጅ) የሚከፈለው ከመከር ስለሆነ፣ ግብር ሰብሳቢው በጨረቃ ዓመት ቢሄድ ገበሬው ገና ሳያጭድ ክፈል ይባላል። ዐባሲዮች ለዚህ የኸራጁን ዓመት ከሂጅራው ዓመት ለይተው ያዙ። የኸራጁ ዓመት የተያያዘበት የፋርሶች ነውሩዝ ደግሞ በራሱ ተንሸራትቶ ነበር፤ 365 ቀን ብቻ ቆጥሮ ሩቡን ቀን ስለሚጥል። ኸሊፋው አል-ሙዕተዲድ በ282 ዓ.ሂ. (895 እ.ኤ.አ.) የግብሩን ነውሩዝ ወደ ጁን 11 ወሰዱት፤ ገበሬው ሰብሉን ሳይሰበስብ እንዳይጠየቅ።

እነዚህ ሰዎች የሂጅራን አቆጣጠር ትተው የፀሐዩን አልያዙም። የመከሩንም ዓመት በረመዷን ላይ አልጫኑም። ሁለቱን ለየብቻ ያዙ፤ እያንዳንዱን በሥራው ጠሩት።

🔹 ሁለቱም «ሂጅራ» ሲባሉ

ስሙ ሲምታታስ? ለዚህ ዑስማኒዮች ምስክር ናቸው። በ1840 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ሥራ «ሩሚ» የተባለ የፀሐይ አቆጣጠር በሰፊው ሥራ ላይ ዋለ። ወሮቹ የፀሐይ፣ የዓመቱ መጀመሪያ ማርች 1፣ የዓመቱ ቁጥር ግን ከሂጅራ የተወሰደ ነበር። ሲጀመር ሁለቱም 1256 ይላሉ። ከዚያ የጨረቃው በየዓመቱ እየቀደመ ሄደ። በ1917 እ.ኤ.አ. ላይ ሩሚው 1333 ሲል ሂጅሪው 1335 ላይ ደርሷል። ሁለቱም ከአንዱ ሂጅራ እንቆጥራለን ይላሉ፤ የሁለት ዓመት ልዩነት ግን አላቸው። ስሙ ያልተጻፈ የዚያ ዘመን ሰነድ ዛሬ የታሪክ ተማሪዎችን ያደክማል።

በኢስታንቡል የተነሳው የታወቀው «የ31 ማርት ክስተት» ስሙን ያገኘው ከሩሚ ነው፤ በፈረንጅ የተነሳው ኤፕሪል 13 ቀን 1909 ነበር። ቱርክ የፈረንጁን የዓመት ቁጥር የያዘችው በ1926 ነው። ኢራን ደግሞ እስከ ዛሬ የፀሐይ ሂጅሪ ትጠቀማለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. እዚያ 1404 ሲባል በእኛ 1447 ገብቷል።

በዚያው ዘመን በኢስታንቡል ይታተሙ የነበሩ የግድግዳ ካላንደሮች መፍትሔውን ያሳያሉ። አንዷ ቅጠል ላይ የሂጅሪው፣ የሩሚውና የፈረንጁ ቀን በተለያየ ፊደል፣ እያንዳንዱ በየስሙ ተጽፎ ይታያል። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም ያችኑ ቅጠል ይገነጥላል፤ የራሱን ያነባል።

🔹 የአል-ቢሩኒ መንገድ

ይህን ሥራ በዕውቀት ደረጃ ቀድሞ የሠራው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ነው። በ973 እ.ኤ.አ. በኽዋሪዝም የተወለደው ይህ ዓሊም በ390 ዓ.ሂ. (1000 እ.ኤ.አ.) አካባቢ «አል-አሣሩል ባቂያ» የተባለውን ኪታብ ጻፈ። ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነበር። በኪታቡ የፋርሶችን፣ የሶግድን፣ የኽዋሪዝምን፣ የአይሁዶችን፣ የክርስቲያኖችንና የዐረቦችን አቆጣጠር አንድ በአንድ አስፍሯል፤ ወሮቻቸውን፣ በዓሎቻቸውንና አንዱ ወደ ሌላው የሚመለስበትን ስሌት ሠርቷል። ሥራው የሌላውን በዓል መቀበል አልነበረም። ቀን ሲነገር የማን ቀን እንደሆነ ማወቅ ነበር። ሶላቱንና ጾሙን ጠብቆ የሌላውንም ቁጥር በትክክል መዝግቧል።

🔹 ወደ አገራችን ስንመለስ

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የምንኖረው በሦስት አቆጣጠር ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ፣ ደመወዝና ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ፤ ጾም፣ ዘካ፣ ዒድና ዒዳ በሂጅራ፤ ፓስፖርት፣ የአውሮፕላን ትኬትና ስልካችን በፈረንጅ። የአገሩ ካላንደር ግን ለረጅም ዘመን የእኛን ቀን በዓል ብሎ አያውቅም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒደል ፊጥር፣ ዒደል አድሓ (ዐረፋ) እና መውሊድ በብሔራዊ በዓልነት ታወጁ። ካላንደር ላይ በስም መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ለዚህ አደባባይ ወጥተዋል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ሠራተኞቿን ደመወዝ ከሂጅራ ወር ወደ ፈረንጅ ወር ያዛወረችው በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ወንድማችን ከሪያድ «1/9 እመጣለሁ» ብሎ ቢጽፍ ምን ትረዳላችሁ? ረመዷን 1? ሴፕቴምበር 1? ግንቦት 1? ወይስ ወሩን አስቀድሞ መስከረም 9? አራት ቀን፣ አንድ ጽሑፍ። ዑመር (ረ.ዐ.) ቢኖሩ ያንኑ ይጠይቁ ነበር።

🔹 ኮምፒውተሩ የማንን ቀን ይቆጥራል?

የኮምፒውተር ካላንደሮች ቀጠሮ የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ «አይካሌንደር» ይባላል። በኖቬምበር 1998 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ2009 ታደሰ። በዚህ ደንብ አቆጣጠሩ ካልተጠቀሰ የፈረንጁ እንደሆነ ይወሰዳል። «በየዓመቱ ይደገም» ስንል የሚደገመው የፈረንጁ ዓመት ነው። የኔ ጥፋት ከዚህ ነው የመጣው፤ ማሽኑ አልዋሸኝም፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት። በሜይ 2015 በደንቡ ላይ ሌሎች አቆጣጠሮችን ተከትሎ መድገም የሚያስችል ተጨማሪ ወጣ። ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ የኢትዮጵያ 13ኛው ወር ነው፤ የእኛው ጳጉሜን! ነገር ግን ደንብ ወጣ ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠራበት ማለት አይደለም።

ብዙ ካላንደሮችን ጎን ለጎን መያዝ ግን ዛሬ ቀላል ነው። አፕል በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይካል እያንዳንዱ ካላንደር የራሱ ስምና ቀለም ነበረው፤ ከጎኑ ያለውን ምልክት በማንሳትና በማድረግ ይታያል ወይም ይደበቃል። ተንደርበርድና አውትሉክም ይህን ይሠራሉ። የኢስታንቡሉ ቅጠል ኮምፒውተር ላይ መጣ ማለት ነው። ስም መስጠቱ ግን የእኛ ሥራ ነው።

🔹 አሁን በቢሮአችን ያደረግነው

1. ካላንደሩን የምንጠራው በአቆጣጠሩና በሥራው ነው። «ሐበሻ፦ ኪራይና ደመወዝ»፣ «ፈረንጅ፦ ጉዞና ውጭ አገር»፣ «ሂጅራ፦ ዘካና አደራ»። «ቤት» እና «አዲስ ካላንደር 2» ቀሩ።

2. ሂጅራውን ለሁለት ከፈልነው። «ሂጅራ፦ በስሌት» ለእቅድ ብቻ ነው፤ «ሂጅራ፦ የታወጀ» ላይ የሚገባው ጨረቃ መታየቷ ከተነገረ በኋላ ነው። ግምትና ውሳኔ በአንድ ቀለም አይቀመጡም።

3. በሂጅራ የሚቆጠር ነገር «በየዓመቱ ይደገም» አይባልም። በየዓመቱ እንደ አዲስ እንጽፈዋለን። ከሻዕባን አጋማሽ ጀምሮ «የረመዷንን ቀን አስገባ» የሚል ማስታወሻም አለን፤ እሱም ሲያልቅ ለቀጣዩ ዓመት ተሰልቶ በእጅ ይጻፋል።

4. ርዕሱ ላይ የማን አደራ እንደሆነና ማን እንደሚፈጽመው ይጻፋል። እኔ ባልኖር ሌላው ሰው አንብቦ እንዲሠራ።

5. የሂጅራ ቀን የሚጀምረው ከመግሪብ ነው፤ የኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት። የረመዷን 27ኛዋ ሌሊት ከ27ኛው ቀን በፊት ያለችው ናት። ስለዚህ የሌሊት ፕሮግራም ሲሆን «ለ27 አጥቢያ፣ ከዒሻ በኋላ» ብለን እንጽፋለን።

6. ካላንደር በዛ ብለን አንሰርዝም። ሲሰረዝ በውስጡ ያለው ቀጠሮ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ምልክቱን ማንሳት ግን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

7. በወረቀትም ሆነ በስልክ ቀን ስንጽፍ የወሩን ስም በፊደል፣ ከዓመቱ ጎን ደግሞ «ዓ.ም.»፣ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ሂ.» እንጨምራለን። እነዚህ ጥቂት ፊደላት የቀኑ ስም ናቸው።

በተለይ ነጋዴ ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ዘካችሁን በኢትዮጵያ ወይም በፈረንጅ ዓመት እየቆጠራችሁ 2.5 በመቶ የምታወጡ ከሆነ፣ በ32 ዓመት ውስጥ የአንድ ሙሉ ዓመት የድሆች ሐቅ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የሂሳብ መዝገባቸው በፀሐይ ዓመት ለሆነባቸው ድርጅቶች የዘመኑ ዑለማዎች 2.577 በመቶ እንዲያወጡ ያሰሉት ለዚህ ነው። በጨረቃ መቁጠር የምትችሉ ግን በጨረቃ ቁጠሩ። የዒዳ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ አራት ወር ከአሥር ቀን የሚባለው በጨረቃ ወር እንጂ በሠላሳ ሠላሳ ቀን አይደለም። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከእሳቸው በፊት ግን ወደ ሰባቱ ቤቶች ሄጄ ነበር። አንዷ እናት «ረሱን ብለን ነበር» አለችኝ። አልረሳናቸውም ነበር፤ ስማቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፣ ገንዘቡም መሳቢያ ውስጥ። የጎደለው ቀኑ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ቃል ነበር። ሐጂ ይቅር አሉኝ፤ አደራውንም አልወሰዱብኝም። «ኮምፒውተሩ ላይም ጻፈው፣ ደብተር ላይም ጻፈው፣ ረመዷን መሆኑንም ጻፈው» አሉኝ። ጽፌዋለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ወይም ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ስም የሌለው ካላንደር ካለ ስም ስጡት። «በየዓመቱ ይደገም» የተባለ የዲን ጉዳይ ካለ የማን ዓመት እንደሆነ ጠይቁ።

አላህ አደራችንን በጊዜው የምናደርስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለመስጂዳችሁ ኮሚቴና ለነጋዴ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉት።